ለዓወት የተፏጨ ፉጨት

በዚያ ዓመት ስለ ዝሆኑ ያላወራ የሮም ሐበሻ አልነበረም። በየአውቶቡሱ ጎን፣ በየሜትሮው ግድግዳ ኩምቢውን ወደ ሰማይ የሰቀለ ዝሆን ተለጥፎ ከረመ። ዝሆኖቹን እየነዳ የአልፕስን ተራራ አቋርጦ ሮምን ቁም ስቅሏን ያሳያት የጥንቱ የካርታጎ ጦር መሪ፣ የአኒባሌ ታሪክ በዘፈንና በጭፈራ ሊቀርብ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ገንዘብ የፈሰሰበት ትርኢት በጣሊያን ምድር ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ዝሆኑ በሞተር ይራመዳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ከባቡር ፉርጎ ይተልቃል ተባለ። መባሉን ብዙ ነገር ተባለ።

የእኛን ሰው ያስወራው ግን ሌላ ነው። ለአኒባሌ ሠራዊት ጠይም ወጣቶች ተፈልገው ስለነበር፣ ከከተማው ዳር ካለው ከሮማኒና ሰፈር ጀምሮ ቁመናዬ ያምራል ያለ ጎረምሳ ሁሉ ለምርጫ ተሰልፏል። ጋሻ ይዘው እንዲቆሙ ከተመረጡት መካከል ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ የተሰጠው ግን የወይዘሮ ተብለጽ ልጅ ዓወት ብቻ ነበር።

ያ ቴአትር ቤት ዛሬ ጂም ሆኗል። በመስታወቱ ውስጥ ሰዎች የትም በማያደርስ መንገድ ላይ ላብ በላብ ሆነው ሲሮጡ ይታያሉ። ጽጌረዳ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር እግሯ ሳይቆም አያልፍም። አብረዋት ያሉት «ምን ታያለሽ?» ሲሏት «ምንም» ትላለች። ምንም! የምታየውን ላውራ ብትል ስንት ሜትሮ ያመልጣቸው ነበር። እስቲ እኔ ላውራላት።

የተዋወቁት በፉጨት ነው።

ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙም አልቆየችም። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጥ አንድ የባንግላዴሽ ሰው ዘንድ ተቀጥራ በርበሬና ኮረሪማ ትመዝን ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ ረጅም ልጅ መጣ፤ እናቱ ያዘዙትን ከስልኩ እያነበበ ሁሉንም ገዛ፤ ከዚያ ሁሉንም ባንኮኒው ላይ ትቶ ሄደ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ለራሱ ያንጎራጉራል። ብትጠራው አይሰማ፤ ጥላ እንዳትሮጥ ደንበኛ ቆሟል። ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና አፏጨች።

ገበያው ቀጥ አለ። ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን አንስቶ እንደያዘ ዞረ፤ ደረጃው ላይ የተኛው ውሻ ተነሳ። ልጁ ማዳመጫውን መንጭቆ በድንጋጤ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«ያ… ያ አንቺ ነሽ?» አለ ተመልሶ መጥቶ።

«በርበሬህን ጥለህ ትሄዳለህ፣ ደግሞ አንቺ ነሽ ወይ ትለኛለህ! እንካ፣ እናትህ ከቤት ሳያባርሩህ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ወንድሜ። ቤታችን ስታዲየም ጀርባ ነው። እዚያ ሰፈር ማፏጨት የማይችል ልጅ ጎል ሲገባ ምን ይሠራል?»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ጽጌረዳ ሚዛኑን አይታ ያን የጠፋ ዓይን ላለማየት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«አሎራ፣ እንግዲህ እኔ ዘፋኝ ነኝ፤ ማፏጨት ግን አልችልም» አላት።

«የት ነው የምትዘፍነው?»

«ለጊዜው መታጠቢያ ቤት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። ወይዘሮ ተብለጽ ያን ሰሞን የነበራቸው በርበሬ ለአንድ ሠርግ ይበቃ ነበር ይባላል።

በበጋው ዓወት ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ጃንጥላ እየተከለና የፀሐይ መጋደሚያ እያነጠፈ ይሠራ ነበር። ጽጌረዳ እሑድ እሑድ ባቡር ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ማታ አብረው ይመለሳሉ። ፀጉራቸው በጨው ደርቆ፣ ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ፣ በተከፈተው መስኮት ሥር ማፏጨት ታስተምረዋለች።

«ምላስህን ወደ ኋላ እጠፍ። ጥርስህን በከንፈርህ ሸፍን። በቃ፣ ንፋ።»

ነፋ። ምራቅ ብቻ ወጣ። ከፊት ለፊታቸው የተቀመጡት አሮጊት ጃንጥላቸውን ሊዘረጉ ምንም አልቀራቸውም።

«ወይኔ! ድምፅህ ወርቅ፣ ፉጨትህ ግን የተበሳ ጎማ» አለችው።

በሻርፗ ጣቶቹን ጠረገችለት። ጠርጋ ስትጨርስ እጁን አልለቀቀችም፤ እሱም አላስለቀቃትም። ሁለት ጣቢያ አለፉ። ባቡሩ ውስጥ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ሰው በስልክ ይጨቃጨቃል፤ እነሱ በመስኮቱ ደጁን ያያሉ። ጽጌረዳ ዛሬም ስለ ደስታ ስታስብ የሚመጣላት ያ የባቡር ወንበር ነው።

ለትርኢቱ መመረጡን የነገራትም እዚያው ባቡር ውስጥ ነው።

«እናቴ መድረክ ላይ አይታኝ አታውቅም» አለ። «ዘፈን ሥራ አይደለም ትላለች። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት የጠረግኩት አንተ ጋሻ ይዘህ እንድትቆም አይደለም ትላለች። አሁን ግን እመጣለሁ ብላለች። ከወደደችው ትመርቀኛለች። ካልወደደችው የአጎቴ የዑቕባዝጊ መጋዘን ሠራተኛ ነኝ።»

«ይወዱታል።»

«ሌላም ነገር አለ። ካንቺ ጎን አስቀምጣታለሁ። ትርኢቱ አልቆ ደስ ብሏት እያለች፣ እቺ ናት እላታለሁ።»

«እቺ ናት ምን?»

ዓወት ወደ መስኮቱ ዞረ። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ታውቂዋለሽ» አለ።

ታውቀዋለች። እንዲያም ሆኖ እንዲናገረው ፈልጋ ነበር፤ ሳይናገረው ፒራሚዴ ጣቢያ ደረሱና ወረዱ።

የመክፈቻው ዕለት ለተዋንያን ቤተሰብ የተሰጠው ቦታ ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለው ሰገነት ነበር። ጽጌረዳ አንድ ያላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መሐል ተቀመጠች። በቀኟ ወይዘሮ ተብለጽ፣ በግራዋ አባ ወልደ ገብርኤል። አባ ሮም ለትምህርት የመጡ የካቶሊክ ካህን ናቸው፤ የሁሉም ወዳጅ፣ ሳቅ የማይሰስቱ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ወይዘሮ ተብለጽ።

«ጽጌረዳ እባላለሁ እትዬ። የዓወት… ጓደኛ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «ቫ ቤኔ» አሉ፤ ይሁን እንደ ማለት ነው። ነገሩ ግን አባባላቸው ላይ ነበር፤ ጽጌረዳ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

መጋረጃው ተከፈተ። ዝሆኑ ብቅ ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የዚያ ምሽት የመጀመሪያም የመጨረሻም ጭብጨባ እሱ ነበር። ዝሆኑ ጥቂት ተራመደና መድረኩ መሐል ቀጥ አለ። አንዱ ዓይኑ ብቻ ይርገበገባል። አኒባሌ የሆነው ዘፋኝ ጀርባው ላይ እንደተቀመጠ «ወደ ሮም! ወደ ሮም!» እያለ ቢዘፍን፣ ዝሆኑ ወይ ፍንክች። ከታች አንድ ሰው «ወርደህ በእግርህ ሂድ!» ብሎ ጮኸበት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። የአልፕስ በረዶ ነው ተብሎ ከላይ የተለቀቀው ነገር ፊት ለፊት የተቀመጡትን የከበሩ ሰዎች አፍና ፀጉር ሞላ፤ ሴቶቹ ከጡታቸው መሐል እየለቀሙ ይጥሉት ጀመር። የአኒባሌ እናት ስትሞት ሰው ሳቀ፤ ማሳቅ የነበረበት ቀልድ ሲመጣ አዛጋ። ከጽጌረዳ ኋላ ያሉ ባልና ሚስት ስለ እራት ይነጋገራሉ። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደብቆ ኳስ ያያል። ለእረፍት የወጡት እኩሌታዎቹ አልተመለሱም፤ የተመለሱት ደግሞ ለመናደድ የተመለሱ ይመስላሉ።

አባ ወልደ ገብርኤል ብቻ ቆስሎ በወደቀው ወታደር ሁሉ ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

«አባ፣ እሱ እኮ ጠላት ነው» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«ቢሆንስ፣ የሰው ልጅ አይደለም?»

ወይዘሮ ተብለጽ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ፊታቸው አይነበብም። ጽጌረዳ የአዳራሹን ሳል ትሰማለች፤ ሳሉ እየበዛ፣ እየበረታ ይሄዳል። እባክህ አምላኬ፣ እሱ ሲወጣ ብቻ ዝም አሰኛቸው አለች በልቧ።

መብራቱ ደበዘዘና ዓወት ብቻውን ወደ ፊት መጣ። ጋሻውን መሬት ላይ አኖረ። ከአገሩ ርቆ በረዶ ላይ የሚሞት ወታደር ነው። አፉን ሲከፍት ማይክሮፎኑ እንደ ዝሆኑ ዝም አለበት። በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ያለ ማይክሮፎን፣ በደረቱ ዘፈነ።

ሳሉ ቆመ። ሰውዬው ስልኩን አጠፋ። ባልና ሚስቱ እራታቸውን ተዉት። ጽጌረዳ የተዘፈነውን ጣሊያንኛ ሁሉንም አልተረዳችውም፤ ግን የባቡሩ መስኮት፣ የጨው ሽታው፣ ስታዲየም ጀርባ ያለው የእናቷ በር ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ከጎኗ የቦርሳ መክፈቻ ቀጭ ሲል ሰማች። ወይዘሮ ተብለጽ እንባቸውን እየጠረጉ ነው።

ጨረሰ። አዳራሹ ዝም አለ። ያ ዝምታ ምን ነበር ብለው ዛሬም የሚከራከሩ አሉ፤ አባ ሕዝቡ ተነክቶ ነው ይላሉ። ይሁን። ጽጌረዳ ግን ያየችው የሚያጨበጭብለት አጥቶ ብቻውን የቆመ ልጅ ነው፤ አንጀቷ አልቻለም። እሷ ባደገችበት ከተማ ዘፋኝ ልብ ሲያቀልጥ ሕዝቡ ያፏጫል፤ ሕዝቡ ባፏጨ ቁጥር ዘፋኙ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ፉጨቱ ከጣሪያው ሥር ወጥቶ አዳራሹን ሰነጠቀው።

በጣሊያን ቴአትር ቤት የሚያፏጭ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውረድ ነው የሚለው። አዳራሹ ሙሉ ምሽቱን ንዴቱን ውጦ፣ ማን ይጀምር ብሎ ሲጠብቅ ነበር። ጀማሪ ተገኘ። መጀመሪያ ሰገነቱ፣ ቀጥሎ በየጎኑ ባሉት ሎጆች የተቀመጡት፣ ከዚያ ከታች ያሉት የከበሩ ሰዎች ሳይቀሩ አፏጩ። «ቬርጎኛ! አታፍሩም!» የሚለው ጩኸት፣ «ገንዘባችንን መልሱ!» የሚለው፣ ወደ መድረኩ የሚወረወረው የተጨማደደ ወረቀት ተደበላለቀ።

ዓወት አልሸሸም። ቀና ብሎ ሰገነቱን አየ። ቀጥ ብሎ እሷን ነው ያያት። ጣቶቿ ገና ከአፏ አልወጡም ነበር።

«ሴት ልጅ ታፏጫለች?» አሉ ወይዘሮ ተብለጽ። እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ ነበር። «በልጄ ላይ?»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ እኔ እኮ ለእሱ…»

አልሰሟትም። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ማን ይሰማል!

በቴአትር ቤቱ የኋላ በር ደጃፍ ላይ ካፊያ ነበር። ዓወት ቀለሙ ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ ወጣ። ወይዘሮ ተብለጽ በአንድ በኩል፣ ጽጌረዳ በሌላ በኩል ቆመዋል፤ አባ መሐል ቤት ጃንጥላ ይዘው ማንን እንደሚያስጠልሉ ጨንቋቸዋል።

«መጀመሪያ ያፏጨሽው አንቺ ነሽ» አለ።

«አዎ፤ ግን ስማኝ…»

«ከሺህ ሰው መሐል ያንቺን ፉጨት እለየዋለሁ ጽጌ።»

«ላንተ ነው ያፏጨሁት! በእኛ አገር እኮ ሰው ሲወደድ ነው የሚፏጭለት!»

«በእኛ አገር» አለ ቀስ ብሎ። ሮም ሲመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ወደ እናቱ ዞረ። «ማማ፣ እውነቷን ነው?»

ወይዘሮ ተብለጽ አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ ናቸው። አንዲት ቃል ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«በእኛ ጊዜ» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ቴአትር ቤት የሚያፏጭ ዱርዬ ነበር። ሴት ልጅ ስታፏጭማ ሰምቼም አላውቅ።»

ክፋቱ፣ ይህም ውሸት አልነበረም። እሳቸው ያደጉበት ቤትና ዘመን እንዲያ ነው።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለ ዓወት። «ትርኢቱ ጥሩ ነበር?»

ጽጌረዳ መዋሸት ትችል ነበር። እልፍነሽ፣ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ፣ ይህን ስትሰማ «አንዲት ነጭ ውሸት ምን ይጎዳሽ ነበር፣ አንቺ ደረቅ!» ብላ ልትመታት ደርሳ ነበር። ጽጌረዳ ግን በዚህ ልጅ ፊት ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«አልነበረም» አለች። «ዝሆኑም፣ ዘፈኑም፣ ምኑም ጥሩ አልነበረም። አንተ ግን…»

«ቫ ቤኔ» አለ። አባባሉ ቁርጥ የእናቱን ነበር። ኮሌታውን ወደ ላይ ሰብስቦ ከእናቱ ጋር ወደ አውቶቡሱ ሄደ። አባ ጃንጥላቸውን ለጽጌረዳ ሰጥተው በካፊያው ውስጥ ተከተሏቸው።

ትርኢቱ ወር ሳይሞላው ተዘጋ። ጋዜጦቹ «ሕዝቡ መታገስ ያቃተው ወታደሩ ሲዘፍን ነው» ብለው ጻፉ። ዓወት አጎቱ መጋዘን ገባ። ጽጌረዳ ደወለች፤ አላነሳም። ቤቱ ድረስ ሄደች፤ ወይዘሮ ተብለጽ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ ሥራ ላይ ነው» አሏት። የመጋዘኑን አድራሻ ጠየቀች፤ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ኮሮና መጣና ሮም ከነገበያዋ ጭር አለች። የቅመም ሥራው ቀረ። ጽጌረዳ ከከተማ ወጣ ያለ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ተቀጠረች። ልጆቻቸው በመስኮት ብቻ የሚያዩአቸውን ሽማግሌዎች አጠበች፣ አበላች፣ ሲሞቱ እጃቸውን ያዘች። እዚያ ያለች አንዲት ነርስ «አንቺ እኮ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርሽው፤ ነርስነት ተማሪ» አለቻት። ተማረች። ሌሊት እየሠራች ቀን እየተማረች፣ ሜትሮ ውስጥ የአጥንት ስም እየሸመደደች።

ሌላ ሰው አልጠፋም። አንድ ሁለት ደህና ልጆች እራት ጋብዘዋታል። እራቱ ይጣፍጣል፣ ልጆቹም ጨዋ ናቸው፤ እሷ ግን ዓይናቸው ሲስቁ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑን ስታይ ታመሻለች።

ማፏጨት ተወች። አንድ ቀን ተርሚኒ ጣቢያ እልፍነሽ በስህተት ሌላ ባቡር ልትሳፈር ስትሮጥ ጣቶቿ ወደ አፏ ሄደው ተመለሱ። እልፍነሽ ያን ቀን ናፖሊ ደርሳ ነው የተመለሰችው፤ «ምን ሆነሽ ነው ሳታፏጪልኝ?» ብላ ለሳምንት አኮረፈቻት።

እውነቱን ለመናገር ጽጌረዳ ይመለስልኛል ማለቱንም ትታ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ፉጨት ምን እንደነበር አንድ ቀን ይወቅ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ይሁን። ሰው የሰጠው ፍቅር እንደ ስድብ ተቆጥሮበት እንዴት ያረጃል?

ባለፈው ኅዳር የምረቃዋ ቀን ደረሰ። አዳራሹ በአያት፣ በአክስት፣ በአበባ ተሞልቷል፤ ጣሊያኖች ለምረቃ ሰፈር ይዘው ነው የሚመጡት። እያንዳንዱ ተመራቂ ሲጠራ ወገኑ ብድግ ብሎ ይጮሃል፣ ያለቅሳል። ጽጌረዳ ያላት እልፍነሽና አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ያን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌላ ሳታጣ።

ስሟ ተጠራ። ፕሮፌሰሯ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ፣ ጣሊያናዊ ምላስ ሊጠራው የሚችለውን ያህል «ጼገሬዳ» ብለው፣ ዶቶሬሳ፣ ባለ ዲግሪ መሆኗን አወጁና እጇን ጨበጡ። አባ በኃይል አጨበጨቡ። እልፍነሽ እልል ልትል ሞክራ ለቅሶ ቀደማት። የሁለት ሰው ጭብጨባ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያኔ ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ።

ጥሩ ፉጨት አልነበረም። ምራቅ የበዛው፣ መሐሉ ላይ የተሰበረ፣ ሊጠፋ ብሎ እንደገና የተነሳ ፉጨት ነው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ዞረ። አንዲት አያት «ምን ዓይነት ስድ ነው!» አሉ። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ማነው እሱ?» ብለው ገላመጡ። በምረቃዋ ቀን በአንዲት መጤ ልጅ ላይ የሚያፏጭ! ዘበኛው ከበሩ መራመድ ጀመረ።

እንዲያ አድርጎ የሚነፋ ጽጌረዳ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተበሳ ጎማ!

ዓወት በመጨረሻው ረድፍ ቆሟል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ሁለት ጣቶቹ አፉ ውስጥ ናቸው። ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦበት እንደገና ነፋ።

«ይቅርታ ፕሮፌሶሬሳ» አለች ጽጌረዳ እየሳቀችና እያለቀሰች። «ስድብ አይደለም። ለእኔ ነው።»

ግቢው ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ተያዩ። እሱ ወፍሯል፤ ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል። እልፍነሽ አባን እጃቸውን ይዛ «ኑ አባ፣ ቡና እንጠጣ» ብላ ጎተተቻቸው፤ አባ ግን ሊሰሙ ፈልገው አንገታቸው እንደዞረ ሄዱ።

«ፉጨቱን የት ተማርከው?» አለች፤ ሌላው ሁሉ አልመጣላትም።

«መጋዘን ውስጥ። ሹፌሮቹ ጎማ ተነፈሰ እያሉ ስንቴ ወርደው አይተዋል መሰለሽ።»

አልሳቀችም። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ የቆየው ንዴት ቀደመ።

«ስልኬን አንድ ቀን እንኳ አታነሳም ዓወት? አንድ ቀን! እኔ እኮ ደጃችሁ ድረስ መጥቻለሁ።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«እውነትሽን ከሆነስ ብዬ። እውነትሽን ከሆነ በዳዩ እኔ ነኛ። ተሰድቤያለሁ ብሎ መኖር ይቀል ነበር።» ጫማውን አየ። «ፋሲካን ለአክስቴ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድን፤ እኔና ማማ። በማግስቱ እህትና ወንድሞቿ የዘፈን ዝግጅት ወሰዱን። ዘፋኙ ገና ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ አፏጨ። እኔ ምን በደላቸው ብዬ የመውጫውን በር መፈለግ ጀመርኩ። የሙሽራዋ እህት ሳቀችብኝ፤ 'ወደውት ነው እንጂ!' አለችኝ። ሰውዬው ቆሞ ሲስቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ሲል አየሁት። ጽጌ፣ እኔ ያን ማታ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።»

ጽጌረዳ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት የፈለገችው ይህችን ነበር፤ ስትመጣ ግን ከደስታ ይልቅ አንጀቷን በላችው።

«እናትህስ?»

«ተነስታ ወጣች። ደጅ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። 'ልጅቷን በደልናት' አለችኝ። አባ ናቸው የዛሬውን ቀን የነገሩን።»

«ነገሩን?»

ዓወት በአገጩ ወደ በሩ አሳየ። ወይዘሮ ተብለጽ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። አርጅተዋል። እጃቸው ላይ በቀይ ጥብጣብ የታሰረ፣ ጣሊያኖች ለተመራቂ የሚደፉት የሎሬል ቅጠል አክሊል አለ።

«እና አንተ አሁን አትፈራም?» አለችው ጽጌረዳ።

«እፈራለሁ። እንዲያም ሆኖ አፏጭቼ መጣሁ።» ጆሮዎቹ ቀሉ፤ እነሱስ አልተለወጡም። «ያኔ ባቡር ውስጥ 'እቺ ናት ምን?' ብለሽኝ ነበር። እቺ ናት የማገባት ልላት ነበር። አሁንም እንዲያ ልላት ነው፤ አንቺ ከፈቀድሽ።»

ጣቶቹ ገና በምራቅ እርጥብ ነበሩ፤ እንደ ኦስቲያው ባቡር በሻርፗ ጠረገችለትና እጁን ሳትለቅ ወደ እናቱ ይዛው ሄደች።

ወይዘሮ ተብለጽ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ሰማያዊውን ቀሚስ አወቁት። አክሊሉን ጭንቅላቷ ላይ ሲደፉት ወደ ጆሮዋ አዘነበለ።

«ጓለይ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ልባቸው ሲሞላ የሚቀናቸው ትግርኛው ነበር። «ያን ማታ ለልጄ ያፏጨሽለትን አልሰማሁሽም። እስቲ አሁን ልስማው።»

«እትዬ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ? ይቆጡናል።»

«ይቆጡ።»

ጽጌረዳ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። እንዳይጠፋብኝ ብላ ፈርታ ነበር፤ አልጠፋባትም። ፉጨቱ ከጥዱ ላይ እርግቦቹን አስነሳ፣ ግድግዳውን መታ፣ ቡና ቤት ያሉትን አባን ከነሲኒያቸው አስወጣ። ዓወት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ዛሬስ አበዙት ብሎ ፊቱ በርበሬ ሆኗል።

«ማነው ያፏጨው?» ብሎ ጮኸ።

ጽጌረዳ አፏን ልትከፍት ስትል ወይዘሮ ተብለጽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉት።